የተራዘመው በረራ

ኢንጅባራ መናኸሪያ ጎን የአይሮፕላን ትኬት እሸጣለሁ። «ሰርክአዲስ ካለች ወንበር አይጠፋም» ይሉኛል፤ እኔም አልጠላውም።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መልእክት ገባ። አዲስ አበባ በረዶ ጥሎ ማኮብኮቢያው ስለተዘጋ፣ ከባሕር ዳር ወደዚያ የሚሄደው የስምንት ሰዓት በረራ ወደ አስራ አንድ ተዛውሯል። ጎረቤቴ እትዬ ውዴ የሚሄዱት በዚሁ ነው። ረቡዕ ጠዋት የልብ ቀዶ ሕክምና አላቸው፤ ከውጭ የመጡት ሐኪሞች በማግስቱ ይመለሳሉ። በመኪና እንዳይሄዱ የአዲስ አበባው መንገድ ከተዘጋ ሰንብቷል።

በረራ የሚመደብበት ቢሮ ለሚሠራው ለአጎቴ ልጅ ለክንዴ ደወልሁ።

«ሰዓቱ ይጸናል?»

«እንዴት ይጸናል? የትኛው ይቆይ፣ የትኛው ይነሳ የሚባለው ወደ ውጭ የሚያልፈው መንገደኛ ስንት ነው፣ የአብራሪዎቹ የሥራ ሰዓት መቼ ያልቃል ተብሎ ነው። አይሮፕላን ከተገኘ መልሰው ያስቀድሙታል። በመጀመሪያው ሰዓት ይድረሱ።»

«ታማሚ እኮ አሉበት።»

«እሱ እኛ ጋ አይታይም» አለ።

ግን የሚኒባስ ሕግ ነው ያሳደገኝ። እኛ ጋ ሰው ቀረ ከተባለ ሹፌሩ ጡሩምባ እየነፋ ይጠብቃል፤ ሳይሞላ የሚነሳ የለም። የእትዬ ውዴ ልጅ ይኸነው ሻንጣ አንጠልጥሎ ሲመጣ፣ «በረራው አስራ አንድ ሆኗል፤ ምን ያስቸኩላችኋል? ስድስት ሰዓት ውጡ» አልሁት።

ደስ አለው። ሽማግሌ ሳይመርቀው ለሕክምና የሚወጣ ሰው እኛ ዘንድ ገዱ አያምርም፤ እነሱ ደግሞ በጥድፊያው ምርቃቱን ሊተዉት ነበር። ሰፈሩ ተሰበሰበ። እኔም ሄጄ ከሁሉ አስበልጬ አሜን አልሁ። የክንዴ ቃል ግን አልለቀቀኝም።

ሰባት ሰዓት ላይ ሌላ መልእክት መጣ። በረራው ወደ ስምንት ተኩል ተመልሷል። ከዚያ ወዲያ እስከ ዓርብ አንድ ወንበር የለም።

እነሱ ገና ዳንግላ ናቸው። ባሕር ዳር ለመድረስ ቢከንፉም አንድ ሰዓት ተኩል ይቀራቸዋል፤ መሳፈሪያው ደግሞ ቀድሞ ይዘጋል።

ስደውል ያነሱት እትዬ ውዴ ናቸው፤ ይኸነው ከፊት ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ ሲሳሳቅ ይሰማኛል።

«ሰርኬ፣ ዕድሜ ይስጥሽ! አንች ባታቆይን ሳልመረቅ ልወጣ ነበር እኮ።»

«እትዬ... አይሮፕላኑ ቀድሞ ሊነሳ ነው። አትደርሱበትም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ሚኒባሱ ዳገት ላይ ሲያጓራ ይሰማል። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ለይኸነው እንዳትደውይለት» አሉኝ፤ «እስክንደርስ እንኳ ደስ ብሎት ይሂድ።»