የተመለሰው ኮላ

ወንድሜ እንግዳው ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ረግሜው እገላገል ነበር። ወግ አስከብራለሁ ብሎ የገዛ ልጁን ልብ የሰበረን ሰው ምን ይሉታል? እኔ እህቱ ስርጉት መጋረጃው ጀርባ ቆሜ ሁሉንም ስለሰማሁ፣ ነገሩን ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም።

ልጅቷን የወደዳት ጎረምሳ ኡዞማ ይባላል። የሱዳን ጦርነት ካርቱም ያለውን የመኪና መለዋወጫ ሱቁን በልቶበት፣ እንደ ሌላው ሁሉ በጋላባት በኩል በእግሩ ተሻግሮ መተማ የገባ ናይጄሪያዊ ነው። የድንበሩ ሰው ከምዕራብ አፍሪካ የመጣውን ሁሉ “ፈላታ” ይላል። እሱ ይህን ሲሰማ ቱግ ይላል። “እኔ ኢግቦ ነኝ” ይላል በሱዳን አረብኛው፤ “ፈላታ ሌላ፣ ኢግቦ ሌላ!” እውነቱን ነው፤ ማን በሰው ስም መጠራት ይወዳል።

በእርሻ መክፈቻው ሰሞን የእንግዳው ትራክተር ማሳ መሃል ቀጥ ሲልበት፣ ከገበያ ለምኖ ያመጣው ኡዞማን ነበር። ትራክተሩ ተነሳ፤ ልጁ ግን ከእኛ እርሻ ሳይወጣ ቀረ። ምክንያቱን ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። ማስተዋል፣ እናቷ ከሞተች ወዲህ እኔ ያሳደግኋት የወንድሜ ልጅ፣ ለሰሊጥ አራሚዎቹ ውሃ ይዛ ስትመጣ እሱ መፍቻው ከእጁ ይወድቃል።

አንድ ቀን ያገሩን ሰርግ አጫወታት። በእነሱ ዘንድ አባት ለሙሽራዪቱ የዘንባባ ጠጅ በዋንጫ ይሰጣታል፤ ሙሽራው በሰው መሃል ይሸሸጋል፤ እሷ ዋንጫውን ይዛ ትፈልገዋለች። ሌሎቹ ወንዶች “ወዲህ፣ ለእኔ!” እያሉ እጃቸውን ይዘረጋሉ። ሁሉንም አልፋ የራሷን ስታገኝ ተንበርክካ ፉት ትልና ትሰጠዋለች፤ ያን ጊዜ አገር ሁሉ ባሏን ያውቃል።

ማስተዋል ይህን ልብ ብላ ሰማች። በማግስቱ ውሃ የሞላ ጣሳ ይዛ በአራሚዎቹ መሃል አለፈች። የጎጃሙም የወሎውም ጎረምሳ “ኧረ ወዲህ በይው፣ ጥም ገደለን” እያለ ሲያሾፍባት ቀና ብላም አላየች። ትራክተሩ ሥር በጀርባው ተኝቶ ብሎን ከሚያጠብቀው ልጅ ዘንድ ሄዳ ተንበረከከች፤ አንዴ ፉት ብላም ሰጠችው። እንግዳው ከዳሱ ሥር ሆኖ ያያል። ወደ እኔ ዞሮ “ይቺ ልጅ ነገሩን ጨርሳዋለች’ኮ” አለኝ። እየሳቀ ነበር። ይህን ሳቁን ያዙልኝ።

ፍልሰታ በገባ በሳምንቱ ወሬ መጣ። የኡዞማ መንግሥት ዜጎቹን ወደ አገራቸው ሊመልስ ነው፤ ቅዳሜ ጧት አውቶቡስ ከመተማ ይወስዳቸዋል፤ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ይሄዳሉ ተባለ። ኡዞማ ቆረጠ። ማስተዋልን የማግኘት ተስፋ ካየ ይቀራል፤ ካላየ ይሄዳል።

በእነሱ አገር ወንድ ብቻውን ሚስት አይጠይቅም፤ የአባቱ ወገን ተሰብስቦ አብሮት ይሄዳል። እዚህ ወገን ከየት ይምጣ? የሰፈራችንን ሽማግሌ አያ ቸሩንና የጋላባቱን ነጋዴ በሽርን “አጎቶቼ ሁኑኝ” ብሎ ለመነ። አያ ቸሩም “በእኛ ወግ መጀመሪያ እምቢ ይላሉ፣ ሁለተኛም ያንገራግራሉ፣ በሦስተኛው ይሰጣሉ፤ እንዳትደነግጥ” አለው። ልጁ ሳቀ። “እኛም ዘንድ ሚስት በአንድ ቀን አትገኝም” አለ። ለእምቢታውስ ተዘጋጅቶ ነበር።

በሽር ከገዳሪፍ ገበያ ኮላ አስመጣለት፤ ሱዳኖች ጉሮ የሚሉት፣ እየታኘከ የሚበላ መራራ ፍሬ ነው። ኡዞማ አገላብጦ አየውና “ይህ ለሁለት የሚከፈለው ነው፤ የእኛ ደንበኛው ለአራት ይከፈላል” ብሎ ተከዘ። “ግን ስደት ነው፤ እግዜር ያውቃል።” በቋንቋው ጸለየበት፤ ኮላ ከኢግቦኛ ሌላ አይሰማም ይላሉ። ከዚያ በነጭ ጨርቅ ቋጥሮ ለሽማግሌዎቹ ሰጠ። “አባቷ ይቅመሱት። ጥቂት ብትሆንም ይቅመሱልኝ።”

ማስተዋል ቤት አልነበረችም። ሽማግሌ ሲመጣ ልጅት ከቤት አትገኝም ብሎ፣ እንግዳው አስቀድሞ ወደ ገለጉ ከተማ፣ የሟች እናቷ እህት ዘንድ ሰዷት ነበር።

ሐሙስ ጧት ሽማግሌዎቹ መጡ። “ተቀመጡ” ቢባሉ እምቢ ብለው ቆሙ።

“ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው” አለ አያ ቸሩ።

እንግዳው ጉሮሮውን ጠረገ። “ዘሩን አላውቅ፣ አገሩን አላውቅ። እሷም ገና ልጅ ናት። እስቲ ዘመድ ላማክር።” ዘመዱ እኔ ነኝ፤ መጋረጃ ጀርባ ነኝ።

በሽር ጨርቁን ፈቶ ኮላውን አቀረበ። “ወላሂ፣ ልጁ ይህን ቅመሱልኝ ብሏል። ያገሩ ወግ ነው።”

“በፍልሰታ? በጧት?” አለ እንግዳው። “አልተቆጣሁም፤ ግን ጦመኛ ነኝ። ደግሞም መልስ ሳልሰጥ የሰው ስጦታ ቤቴ አላሳድርም። ቋጥራችሁ መልሱለት። ሌላ ጊዜ ስትመጡ ይዛችሁት ኑ፤ ያን ጊዜ አብረን እንቀምሰዋለን።”

አያ ቸሩም ጦመኛ ነውና አነጋገሩን ወደደለት። በሽር መልሶ ቋጠረ። ሽማግሌዎቹ ገና ከግቢ ሳይወጡ እንግዳው መጋረጃውን ገለጠ፤ ፊቱ በርቷል። “እታለም፣ ጌሾው ይወቀጥ። ነገም ይመጣሉ፣ ከነገ ወዲያም ይመጣሉ። ልጄ ሙሽራ ልትሆን ነው!”

ዓርብ ጢሙን ተላጭቶ፣ የታጠበ ጋቢ ለብሶ ጠበቀ። የመጣው አያ ቸሩ ብቻውን ነው። “ተነስ እንሂድ ስለው ‘መልሱ መጥቷል’ ብሎ አፉን ዘጋብኝ። ደግማችሁ ኑ ብለዋል ስለውም አይሰማኝ። ልቡ አውሮፕላኑ ላይ ነው መሰለኝ” አለ።

እንግዳው ጋቢውን አውልቆ ወረወረ። “ባንድ እምቢ የሚሸሽ ወንድ ለልጄ ምን ያደርግላታል? መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት!”

ቅዳሜ ጧት አውቶቡሱ ሄደ። እኔ ለቅዳሴ ልወጣ በሩን ስከፍት ነጩ ጨርቅ መዝጊያው ላይ ታስሮ አገኘሁት፤ ኮላው እንዳለ ነው። ስድብ መሰለኝ። ከዕቃው መደርደሪያ ላይ ጣልኩት።

ማስተዋል እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደረሰች። ክረምት ነው፤ ጥቁሩ አፈር የተሳፈረችበትን መኪና ይዞ አሳድሯታል፤ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆናለች። የስልክ ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ምንም አልሰማችም። “ሰጣችሁኝ ወይ?” የምትል መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ገና ከደጃፉ፣

“ኮላውን በላችሁት?” አለች።

ዓይኗ መደርደሪያው ላይ አረፈ። ጨርቁን አየች፤ እዚያው ጭቃዋን ይዛ ቁጭ አለች።

“አባዬ፣ መለሱት?”

“ጦም ነበር ልጄ። ቆይ አብረን እንቀምሰዋለን አልኩ እንጂ...”

“በቃል እምቢ ያለ ሰው ይመለስበታል። ኮላውን ያልበላ ግን ሰውየውን ራሱን አልፈልግም ማለቱ ነው። እንደ ጠላት ነው የሚቆጠረው። ነግሮኝ ነበር። እኔ ብኖር...” አቋረጠች። እኔ ብኖር እነግራችሁ ነበር ልትል ነው። ከቤት ያራቃት አባቷ መሆኑን ሁላችንም አውቀናል።

“ታዲያ መዝጊያዬ ላይ አስሮት የሄደው ሊያዋርደኝ አይደለም?” አለ እንግዳው፤ ድምፁ አንሷል።

“አይደለም። ኮላ አገሩ ሲገባ ከማን ቤት እንደመጣ ይናገራል ይላሉ። ኮላው እናቱ ፊት ስምዎን በክፉ እንዳያነሳብዎ ነው ትቶት የሄደው።”

ወንድሜ ሰማንያ አራሚ ሲያዝዝ፣ ሽፍታ ሲመክት ያየሁት ሰው ነው። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር። እንባውን በመዳፉ ጠርጎ “ደውይለት” አለ። የነበራት የሱዳን ቁጥሩ ብቻ ነው፤ ሌላ ቢኖራትም ኔትወርኩ የሞተ ነው። አውሮፕላኑም የሚነሳው በዚያው እሑድ ነበር።

ተነሳና ጨርቁን አወረደ። ፈታው። ኮላውን በጥፍሩ ለሁለት ከፈለ፤ አንዱን ለልጁ ዘረጋላት፤ አልተቀበለችውም። ሌላውን አፉ ውስጥ ከቶ አኘከ። መራራነቱ ፊቱን አጨማደደው፤ አልተፋውም፤ ውጦ ጨረሰው። ከዚያ ባዶ ጨርቁ ላይ እጁን ዘርግቶ፣ ሽማግሌዎቹ እፊቱ የቆሙ ይመስል፣

“ሰጥቻለሁ” አለ። “ልጄን ለልጃችሁ ሰጥቻለሁ። እግዚአብሔር ይባርካችሁ። ውለዱ፣ ክበዱ።”

ማስተዋል ቀና ብላ አየችው። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

“አባዬ” አለች፣ “ኮላው አማርኛ አይሰማም’ኮ።”

ጌሾው ተወቅጦ በቁና እንደተቀመጠ ነው። ልድፋው ስል እንግዳው “ተይው” ይለኛል።