የጭቃው ስለት

አማከለች አምስት ፅንስ ወርዶባታል። አምስቱንም የሞላሌ አገር ያውቃል፤ በሰው ማህፀን ጊዜ መቼም ሁሉም ሊቅ ነው። እርግማን ነው ያለ አለ፣ ዛር ነው ያለም አለ።

በ1999 የካቲት ታናሽ ወንድሟ አንዷለም ከሚሠራበት ላቦራቶሪ ብልቃጥ ተሸክሞ መጣና የወንዙን ጭቃ ይዝቅ ጀመር። «ጭቃ ለመዛቅ ነው አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ የተማረው?» ተብሎ ተሳቀበት። ነገሩን ለእህቱ አስረዳት፤ ከላይ በጎች ለቅማልና ለእከክ የሚነከሩበት ገንዳ በየዓመቱ ወደ ወንዙ ይደፋል። መድኃኒቱ ጭቃው ውስጥ ተኝቶ ይቆያል፤ ከውሃው ጋር ሲጠጣ ፅንስ የሚያጸናውን ሆርሞን ያዛባል።

«እንግዲያ ጥፋቱ የኔ አይደለማ?»

«ሲመረመር ነው፣ እትዬ።»

ነጻ የሚያወጣት ወረቀት ከመጣ ለማርያም ጃንጥላ ልታስገባ ያን ዕለት ተሳለች። ለማንም አልተናገረችም።

ምርመራው ስምንት ወር ፈጀ። ባሏ ባስልዮስ ግን አልጠበቀም፤ ከፋሲካ በኋላ እሷን ፈትቶ ኮከብ የምትባል የቀየት አገር ልጅ አገባ። ወረቀቱ በጥቅምት ሲደርስ ጭቃው በዚያው መርዝ ተበክሏል ይላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! አማከለች ይዛው ብትሮጥ ባስልዮስ የኮከብን ሆድ አሳያት።

«ወረቀትሽ ይቺን አላያትም?»

ዝም ብላ ብትቀር ማን ይወቅሳታል? አንጀቷ አልቻለም። ኮከብን ወንዝ ዳር ጠብቃ፣ «እህቴ፣ ከዚህ አትጠጪ። ቢርቅም ከምንጩ ቅጂ፤ ይሄ ፅንስ አያጸናም» አለቻት። ኮከብ አማተበች፤ ጀሪካኗን ሞልታ ሄደች። በሦስተኛው ሳምንት ፅንሱ ወረደ።

ውሃውን ያማ አልተገኘም። የአማከለች አፍ ነው የገደለው ተባለ።

ኅዳር ጽዮን ደረሰች። የተሳሉትን ማስቀረት አይሆንምና አማከለች ጃንጥላውን ገዝታ በሕዝቡ መሃል ይዛ ገባች። ስለት ሲገባ እልል ይባላል፤ ያን ቀን ግን አንዲት ሴት እንኳ እልል አላለችም። ኮከብ ገና ስላልነጻች ከቅጥሩ ውጪ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች።

ቄሱ ጃንጥላውን ተቀበሉ። «ምን ሰመረልሽ፣ ልጄ?» አሏት እንደ ልማዳቸው።

አማከለች አፏን ከፈተች። የተሳለችው ወረቀቱ እውነት ሆኖ እንዲመጣ ነበር፤ መጥቷል። ይህን አሁን፣ እዚህ፣ ምን ብላ ትናገረው?

«ምኑን ይጠይቋታል፣ አባ?» አለች አንዲት ሴት ከኋላ፣ ከቅጥሩ ውጪ ወደ ቆመችው ኮከብ እያየች። «ሁላችንም አይተናል፤ ሰምሮላታል።»