ጋቢ የለበሰው ክንፍ

እኔ ኮምቦልቻ ያለ የምርምር ቢሮ ሾፌር ነኝ። ከትምህርት ጋር ሰባተኛ ክፍል ላይ ተሰነባብተናል፤ ሳይንስ ስትሠራ ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

ተመራማሪያችን ፊርደውስ ውሃ የማያስጠጋ ቀለም ሠራች። የአውሮፕላን ክንፍ ከተቀባው፣ ጠብታው ተንከባሎ ይወርዳል እንጂ በረዶ ሆኖ አይጋገርም። «ካልሠራ ፕሮጀክቱ ይዘጋል» ተብላለች። ታዲያ በረዶ ከየት ይምጣ? ኮምቦልቻ በረዶ ያለው ለስላሳ መሸጫው ፍሪጅ ውስጥ ነው። አንድ የክንፍ ቁራጭ ጭነን፣ ደሴን አልፈን ቦሩ ሜዳ ወጣን። የቦሩ ሜዳ ውርጭ ቀልድ አያውቅም፤ አጎቴ አንድ ጠዋት ጥላው መሬት ላይ ተጣብቆበት በአካፋ ፈልቅቆ ነው የሄደው።

ፊርደውስ ግማሹን ቀብታ፣ ግማሹን ትታ፣ ውሃ ረጭታ፣ በአካባቢው ገበሬ በሸህ ዘይኑልአቢዲን ማሳ ዳር አቆመችው።

«አደራዎን አባባ፣ አንዳች ነገር እንዳይነካው።»

«አብሽሪ ልጄ! አደራ ከራስ ይቀድማል።»

ጠዋት ኃላፊያችን አቶ ደምመላሽ ካሜራ አስከትለው መጡ። ክንፉ ግራ ቀኙ ደረቅ! ፊርደውስ ፊቷ አመድ መሰለ። ያልተቀባው በረዶ ካልጋገረ ቀለሙ መሥራቱ በምን ይታወቃል?

አቶ ደምመላሽ ግን አጨበጨቡ። «ድንቅ ነው! ያልተቀባውም ተከላከለ!»

ሸህ ዘይኑልአቢዲን እያስነጠሱ ብቅ አሉ። «ወላሂ ውርጭ አላስነካሁትም! ጋቢዬን አልብሼው እኔ ኩርምት ብዬ አደርሁ። ለሱብሂ ሶላት ስነሳ ነው የገፈፍሁት።»

እኔ ሳቄን መሪው ላይ ተደፍቼ ጨረስኩ።

«ጌታዬ፣ ሙከራው ተበላሽቷል፤ እንድገመው» አለች ፊርደውስ።

«ምኑ ይደገማል? ለበላይ አካል ደውያለሁ።»

እሷ ግን ደገመችው። በነጋታው ያልተቀባው ግማሽ በረዶ ጋግሮ ነጭ ሆነ፤ የተቀባው እንደተወለወለ ድስት አበራ። በስልኳ ፎቶ አንስታ ኮምቦልቻ ቢሮ ድረስ አስከነፈችኝ።

አቶ ደምመላሽ ስልኩን ገፋ አደረጉት። «ክንፍ ሳይቀባም በረዶ እንደማይጋግር ሪፖርት ተደርጓል። ታዲያ ያንቺ ቀለም ምን ይሠራል? ፕሮጀክቱ ተዘግቷል።»

«እሺ። ሪፖርቱን ሊያቀርቡ አዲስ አበባ የሚበሩት መቼ ነው?»

«ነገ ጠዋት።»

«ሰማይ ላይ ሆነው ክንፉ ላይ በረዶ ቢያዩ አይደንግጡ፤ በሪፖርትዎ መሠረት የለም።»

አቶ ደምመላሽ ስልኩን መልሰው ሳቡት። ፎቶውን አተኩረው አዩት።

በማግስቱ መናኸሪያ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ሪፖርቱን ታቅፈው አውቶቡስ ገቡ፤ ከመግባታቸው በፊት ግን ቀና ብለው ጣሪያውን አዩት።