የአሥራ ሰባተኛው ትርጉም ካርድ

የካርድ ክፍሏ ኃላፊ ያለችው ይህን ነው። ዓርብ በምሳ ሰዓት አንድ ረጅም፣ ሰላምታ የሚያውቅ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው መጣ። «የኮማ እህት ባል ነኝ፤ መዝገበ ቃላት እንዴት እንደሚሠራ ሁልጊዜ ይደንቀኛል» አላት። «ሊቭ» የተባለው ግስ ካርዶች ያሉበትን መሳቢያ አስወጣ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አንገቱን ደፍቶ አነበበ። ከዚያ መሳቢያውን በቦታው መልሶ፣ አመስግኗት ወጣ።

ዘበኛው ያለው ደግሞ ይህን ነው። ዓርብ በምሳ ሰዓት በዚያ በር ዝንብ እንኳ አላለፈችም።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ገደማ ኮማ ሁለቱ ኮሪደሩ ላይ ሲካረሩ ደረሰባቸው።

«እንግዲያው በቁሜ ቃዠሁ በለኛ!» ትላለች ኃላፊዋ፣ የመሳቢያዎቹን ቁልፍ እያንቃጨለች።

«ቃዠሽ አልወጣኝም፣ እመቤቴ። የእኔም ዓይን ግን ዓይን ነው፤ መነጽር አልሰካሁበትም እንጂ።»

«አንተ ኮማ፣ ና ፍረደን!»

ኮማ ያሉት ሳይመዝን ስለማያልፍ ነው። ሌላው ሰው በሩጫ በሚያልፈው ነገር ላይ እሱ፣ እንደ ሥርዓተ ነጥቧ፣ ቆም ይላል። በሌላ ቀን ቢሆን ሁለቱንም በየተራ ሰምቶ፣ ማንንም ሳያስቀይም ያስታርቃቸው ነበር። ያን ዕለት ግን የ«ሊቭ» መሳቢያ ሲባል ሰማ። መልስ እንኳ ሳይሰጣቸው ወደ ካርድ ክፍሉ ገባ።

መሥሪያ ቤቱ የእንግሊዝኛ ግሶችን በአማርኛ የሚፈታ ትልቅ መዝገበ ቃላት እያዘጋጀ ነበር። ዋና አዘጋጁ አንድ የማይነቃነቅ ሕግ አላቸው፤ የተፈጠረ ምሳሌ አይገባም። በእያንዳንዱ ካርድ ላይ የሚሰፍረው ሰው በእንግሊዝኛ በእውነት ሲናገረው የተሰማ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ማን እንዳለው፣ የት እንዳለው፣ መቼ እንዳለው አብሮ ይጻፋል። ከግርጌ ሁለት የፊርማ መስመሮች አሉ፤ አንዱ ለሰማው፣ ሌላው አንብቦ ላረጋገጠው። ባለፈው ዓመት አንድ አዘጋጅ ሦስት ዓረፍተ ነገሮችን ከራሱ አፍልቆ ሲገኝ፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ዕቃውን ሸክፎ እንዲወጣ ተደርጓል።

ለኮማ የደረሰው ግስ «ሊቭ»፣ መሄድ ወይም መተው የሚለው፣ ነው። ሲያዩት ትንሽ፣ ሲገቡበት ጉድ! አውቶቡስ ከመናኸሪያ ሲነሣ እሱ ነው፤ ይህንን ከአንድ ጉሮሮው ከተዘጋ ተቆጣጣሪ ሰምቷል። በርን ክፍት መተው እሱ ነው። ጃንጥላን ታክሲ ውስጥ ረስቶ መውረድም እሱ ነው። ከሰባት ሁለት ሲቀነስ አምስት የሚተርፈው በእሱ ነው። ሟች ለቋሚ ንብረት ሲያወርስም እንዲሁ፤ የዚህኛውን ካርድ የሰጠችው ከአክስቷ የስፌት መኪና የወረሰች ልብስ ሰፊ ናት፤ መኪናውን እየደባበሰች ነበር የተናገረችው። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ ስድስት ትርጉሞች ሞሉለት። አሥራ ሰባተኛው፣ ባልን ወይም ሚስትን ጥሎ መሄድ የሚለው፣ ለአራት ወር ባዶውን ቀረ። በመጻሕፍትማ ሞልቷል። ግን ሰው እንዲህ ያለውን ነገር የሌላ ሰው ጆሮ ባለበት አይናገርም።

ከዚያ እህቱ ተናገረች።

ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ወጥ ቤቷ ውስጥ ሳህን ታጥባለች፤ ሁለቱ ልጆቿ ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራቸውን ይሠራሉ። እጅጌዋ ሲሰበሰብ ክንዷ ላይ የጣቶች ምልክት ታየ፤ ወደ ቢጫ መለወጥ ጀምሯል።

«ምን ሆነሽ ነው፣ እታለም?»

«ደረጃው ላይ አዳልጦኝ።»

ቤቱ ደረጃ የለውም።

ክንዷን በዓይኑ ጠቆማት። እሷም ፊቷን ሳታዞር፣ ልጆቹ እንዳይሰሙ በእንግሊዝኛ፣ ቃል በቃል እየለየች ነገረችው። ባሏ መንገድ የሚሠራ መሐንዲስ ነው፤ በወሩ መጨረሻ ሐሙስ ለሥራ ወደ ገጠር ይወጣል፤ በዚያ ቀን ልጆቿን ይዛ ጥላው ትሄዳለች።

ኮማ ራሱን ይቅር ሊል ያልቻለው ከዚህ ቀጥሎ ለሆነው ነገር ነው። ፍርሃት ሳይመጣበት ደስታ መጣበት። ዓይን እስኪጨፈን ድረስ ለምትሆን ጊዜ ብቻ፣ ግን መጣበት። አገኘሁት አለ በልቡ። ቢሮ እንደተመለሰ ካርዱን ጻፈ። ተናጋሪ፦ እህቴ። ቦታ፦ ወጥ ቤቷ። ሕግ ነውና ከዓረፍተ ነገሩ አንድም ቃል አልቀነሰም፤ ሐሙስን ጭምር።

ይህም ሳያንሰው ባለፈው ሳምንት እነሱ ቤት ምሳ ሲበላ ስለ ሥራው እየተኩራራ፣ መሳቢያው ውስጥ ያለው ሁሉ ከሕያው ሰው አፍ የወጣ መሆኑን አወራ። «ከእናንተም ቤት አንድ አግኝቻለሁ» አለ። አፉን የሚያስይዘው አጥቶ! መሐንዲሱ ሳቀ። «ምን ብለን ይሆን የተያዝነው?» አለ። እህቱ ሹካዋን አስቀመጠች።

አሁን መሳቢያውን ሳበ። ካርዶቹ አንድም ሳይጎድሉ በተራ ቆመዋል፤ እንዲያውም እሱ ከሚያቆማቸው ይልቅ ተስተካክለው ነበር። አሥራ ሰባተኛውን አወጣ። አንብቦ ላረጋገጠው ሰው የተተወው መስመር ባዶ ነበር፤ አሁን ግን በአረንጓዴ ቀለም፣ ፕላን ላይ በሚጻፍ ዓይነት እኩል እኩል ፊደል ተፈርሞበታል። የዓርብ ቀን ተጽፎበታል። ሌላ ምንም የለም። ስድብ የለ፣ ዛቻ የለ፣ ካርዱ እንኳ አልተጣጠፈም።

ቀና ሲል ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ ቆቡን ያሻሻል።

«ልጄ፣ ፊትህ ምን ሆነ? ኧረ እኔ… ሲጋራ ግዛልኝ ብሎ ልኮኝ ነበር እኮ። እዚህ ሰፈር የሌለውን ዓይነት። ስመለስ በሩ ላይ አገኘሁት። ‹አላየኸኝም፤ ወንድሜን ላስደንቀው ነው› አለኝ። ይስቅ ነበር! የሚስቅን ሰው ምን ብዬ ልጠርጥር?»

«ምንም አይደል፣ አባባ» አለ ኮማ፤ ድምፁ የራሱ አልመስል አለው።

ለእህቱ ደወለ። አልተነሣም። ደግሞ ደወለ። በሦስተኛው ተነሣ።

«ወንድምዬ!» አለ የመሐንዲሱ ድምፅ። «አሁን ስለ አንተ እያወራን ነበር። ምሳ ከእኛ ጋር ነህ፤ ሾርባው ሳይቀዘቅዝ ድረስ።»

«እህቴን ያገናኙኝ፣ ጋሼ።»

«ስትመጣ ታገኛታለህ።»

በእግሩ ሃያ ደቂቃ የሚፈጀውን መንገድ እንዴት እንደደረሰ አያውቅም። የግቢው በር ተከፍቶ ጠበቀው። ሳሎን ውስጥ ጠረጴዛው ተሰናድቷል፤ ሦስት ሳህን፣ ሦስት ማንኪያ። አራተኛው ወንበር ላይ አንድ ትልቅ ሻንጣ፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ባዶውን እንደ እንግዳ ተቀምጧል። እህቱ በወጥ ቤቱ በር በኩል ትታያለች፤ ጀርባዋን ሰጥታ ቧንቧ ሥር ቆማለች። ውሃው ይወርዳል፤ የሚታጠብ ነገር ግን እጇ ላይ የለም።

«ቁጭ በል እንጂ» አለ መሐንዲሱ፣ ሾርባ እየጨለፈለት። «ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። እኔ ደግሞ ዛሬ ሥራ አልገባሁም። ታውቃለህ፣ ያንን ግስ እኔ ሁለት ሦስት ትርጉም ያለው ነበር የሚመስለኝ። አሥራ ሰባት! የስፌት መኪናዋን ሳነብ እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረው። ጎበዝ ነህ፣ የምሬን ነው።»

ኮማ ማንኪያውን አላነሣም። «እታለም፣ ደህና ነሽ?»

«ከዓርብ ጀምሮ ሲያፏጭ ነው የከረመው» አለች ሳትዞር። «ሌላ ምንም አላደረገም።»

«ይኸው፣ ራሷ መሰከረች።» መሐንዲሱ ፈገግ አለ። «ቅዳሜም እሁድም አንዲት ክፉ ቃል አልወጣኝም። ሳስብ ነበር። ሰው ሳይጠይቅ መፍረድ የለበትም፤ አንተም እንዲህ ነው የምትለው፣ አይደል? ካርዱ ላይ ‹እህቴ› ይላል። ከእሷ ሌላ እህት የለህም። እንግዲህ ነገሩ ከሁለት አንድ ነው።»

ከኪሱ አንድ ንጹሕ ወረቀትና ያንን አረንጓዴ እስክሪብቶ አውጥቶ ሳህኑ አጠገብ አኖረ።

«አንተ ከራስህ ፈጥረኸው ከሆነ፣ ፈጥሬዋለሁ ብለህ ጻፍልኝና ፈርም። ለዋና አዘጋጁ እወስደዋለሁ። ሥራህን ታጣለህ፤ ወጣት ነህ፣ ሌላ አይጠፋም። እኛም እንደ ጥንታችን እንኖራለን። እሷ ብላው ከሆነ ግን…» ሾርባውን ቀመሰ፣ ጨው ነሰነሰበት። «ያ የቤት ጉዳይ ነው። አንተ ምሳህን ትጨርሳለህ፣ አመሰግናለሁ ብለህ ትወጣለህ፣ እኔ በሩን ከኋላህ እዘጋለሁ።»

ኮማ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆም ሳይል መለሰ።

«ፈጥሬው ነው።»

«እንዲያ ነው እንጂ!»

«አራት ወር ሙሉ ምሳሌ አጥቼ ጨነቀኝ። ከራሴ ጻፍኩት።»

እስክሪብቶውን ያዘ። መጻፍ ጀመረ። ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርስ መሐንዲሱ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ በረጅሙ ተነፈሰ።

«በነገራችን ላይ፣ ሐሙስ ወደ ገጠር አልወጣም። ሌላ ሰው ተክቻለሁ። ከእንግዲህ ሥራዬ ሁሉ እዚሁ ከተማ ነው። ስልኳም እኔ ጋ ቢሆን ይሻላል ብለን ተስማምተናል። ቁልፎቹም እንዲሁ።»

የኮማ እጅ ቆመ። የያዘው ወረቀት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው። ቢፈርም ዛሬ ይታለፋል፤ ነገም ምናልባት። ከዚያ በኋላ እህቱ የቱንም ያህል ብትጮህ፣ የሰማት ብቸኛ ሰው አልሰማሁም ብሎ የፈረመበት ወረቀት በባሏ ኪስ ውስጥ ይኖራል። ባይፈርም ደግሞ በሩ ይዘጋል። ወደዚህም አለ ወደዚያም ያው ነው። ዓይኑን ወደ ወጥ ቤቱ አነሣ።

የውሃው ድምፅ ተቋረጠ።

እህቱ እጇን በቀሚሷ አደራርቃ ወደ ሳሎን ወጣች። ፊቷ ከሳምንት በፊት ካየው ከስቷል። ባሏን አላየችውም። ከወንድሟ ጣቶች መካከል እስክሪብቶውን፣ ከሕፃን እጅ ቢላዋ እንደሚወሰድ ዓይነት፣ ቀስ ብላ ወሰደችው።

«ተመለሺ፣ እየተነጋገርን ነው» አለ መሐንዲሱ። አሁን አይስቅም። ተነሥቶ በእሷና በውጭው በር መካከል ቆመ።

«ወንድሜ አልፈጠረውም» አለች። ድምጿ አልተነሣም፤ ሳህን እያጠበች እንደተናገረችበት ቀን ቃል በቃል እየለየች ነበር። «እኔ ነኝ ያልኩት፣ በገዛ አፌ። ሐሙስን ግን አልጠብቅም። አሁን፣ ዓይንህ እያየ፣ በዚሁ በር ወጥቼ፣ ልጆቼን ከትምህርት ቤት ይዤ ጥዬህ እሄዳለሁ።»