ጥቅምት ሩቅ ነው

1.
መሳቢያው ውስጥ ከትቼ ቆልፌበታለሁ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው።

2.
ዛሬ ሐምሌ 30 ነው። ከነገ ጀምሮ ፍርድ ቤቱ ለክረምት ይዘጋል፤ ዛሬ ያልተፈረመ ውሳኔ ጥቅምትን ይጠብቃል። እኔ ትርንጎ ይመኑ እባላለሁ፣ የወንጀል ችሎት ጸሐፊ ነኝ። ከጠዋት ጀምሮ አርባ ሦስት መዝገብ ለፊርማ አስገብቻለሁ። ዳኞቹ ምሳ እንኳ አልወጡም።

3.
አርባ አራተኛው የአቶ ጌጡ አስማረ ይግባኝ ነው። ነጻ ተብሏል። የመፍቻ ትዕዛዙን የተየብኩት ራሴ ነኝ። ዛሬ ቢፈረም ነገ ቤቱ ይገባ ነበር።

ነበር።

4. ጌጡ ማነው?
ጎረቤታችን። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት «ይመኑ ሲሰርቅ በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ ማለ። ተሰረቀ በተባለበት ቀን ጌጡ ራሱ ደሴ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ማንም ግን አልተናገረም። አባቴ ታሰረ። ይግባኝ አለ።

5. ከችሎቱ ግልባጭ፣ ሐምሌ 30፣ የዛሬ አሥር ዓመት
ዳኛ፦ መዝገቡ ተመርምሮ ስላላለቀ ለጥቅምት 5 ተቀጥሯል።
ይመኑ፦ ክቡር ፍርድ ቤት፣ ጥቅምት ሩቅ ነው።

(አባቴ መስከረም 19 እስር ቤት ውስጥ ሞተ። መዝገቡ ለካ አልቆ ነበር። ጸሐፊው ለፊርማ ማስገባቱን ረስቶት ነው።)

6.
አንተ የምታነበው፣ ፊትህን አታጥቁርብኝ። እኔ ምን አደረግኩ? አንድ መዝገብ ረሳሁ። እዚህ ቤት ሐምሌ መጨረሻ ላይ መዝገብ ይረሳል፤ በዚህ የተቀጣ ሰው አላውቅም። ያ ጸሐፊ እንኳ ኬክ ተቆርሶለት ነው ጡረታ የወጣው።

ጌጡ የእጁን ያግኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ቁልፉን ሳዞር አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

7.
ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ የጌጡ ልጅ መስኮቴ ጋ መጣች። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ያኔ እኔም በዚያ ዕድሜ ነበርኩ። ማን እንደሆንኩ አታውቅም። አባቷ ሲያስል ደም እንደሚተፋ ነገረችኝ። መዝገቡ ገና ነው አልኳት። መስኮቱን ይዛ ቆመች።

«እትዬ፣» አለችኝ፣ «ጥቅምት ሩቅ ነው።»

8.
 

9.
አሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላ ነው። ሰብሳቢዋ ዳኛ ካባቸውን ሰቅለው፣ ቦርሳቸውን አንስተው፣ በሩ ላይ ዞር አሉ።

ዳኛ፦ ትርንጎ፣ የቀረ መዝገብ አለ?
ትርንጎ፦ ____________