«ባዶ ዲስክ ያስገቡ»

የሽማግሌው ዲቪዲ ራይተር ባዶ ዲስክ ሲሰጡት ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። የሰርግ ቪዲዮ ሲቀርጽ የኖረው ሽማግሌ ዲስኩን በሸሚዙ ጫፍ ወልውሎ መለሰው፤ ኮምፒውተሩ ግን አሁንም «ባዶ ዲስክ ያስገቡ» ይለዋል።

«ታዲያ ያጎረስኩህ ምንድን ነው?» ብሎ ተቆጣው። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሚቆጣው ሌላ ሰው የለም።

የደወለለት ኮምፒውተር ጠጋኝ በስልክ «ጋሼ፣ እስቲ ድሮ የተቀረጸበት ይሞክሩ። እሱን ካነበበ የደከመው ዲስክ ላይ የሚጽፈው የሌዘር ጨረር ነው» አለው።

ከመሳቢያው የማን እንደሆነ የረሳውን ሰርግ አውጥቶ ከተተ። ሙሽሮቹ ኬክ ሊቆርሱ ሲሉ፣ ከካሜራው ኋላ የሚስቱ ድምፅ መጣ። መብራት ትይዝለት የነበረችው እሷ ነበረች።

«መብራቱ ይበቃሃል?»

ድምፅሽ ቀረጻው ውስጥ ይገባል እያለ ስንቴ ተቆጥቷታል፤ የገባውንም ከየሰርጉ እየቆረጠ ሲጥል ነው የኖረው። ይቺ አምልጣዋለች። ያኔ የእሱም ድምፅ እንዳይገባ ጭንቅላቱን በመነቅነቅ ብቻ ነበር የመለሰላት።

«አነበበ፣ ጋሼ?» አለ ጠጋኙ።

ሽማግሌው ስልኩን ከጆሮው አራቀ።

«ይበቃል፣ የኔ እመቤት» አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ።