ኬኖ በአስር ሰዓት ይነሳል

ሃይኮ ልጁን እንደ ዱቄት ከረጢት ብብቱ ውስጥ ወሽቆ፣ በካልሲ ብቻ፣ ከክፍል ወደ ክፍል ይሮጣል። ከሌሊቱ አስር ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ነው። ውጭው ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ ከባሕር የሚመጣው ዝናብ መስኮቱን በጎን ይገርፈዋል። ሁለት ዓመት የሞላው ኬኖ አላለቀሰም። ቢያለቅስማ በተሻለ፤ ለቅሶ ጡጦ ሲያገኝ ይቆማል። ኬኖ የተነሳው ደስ ብሎት ነው።

«ትራክተር!»

«እሽሽ! ትራክተሩ ተኝቷል።»

«ትራክተር ተነሳ!» አለና በእንጨት ማንኪያው መጀመሪያ የአባቱን አናት፣ ቀጥሎ የአልጋውን ብረት ነረተው።

ሃይኮ ስለ ልጁ ድምፅ ለሥራ ጓደኞቹ ሲያወራ፣ ኬኖ አንድ ጊዜ ስቆ የጀርመኗ ኤምደን ወደብ ላይ የቆመች መርከብ ደንግጣ መልህቋን ነቅላ ሄደች፣ ካፒቴኑም የነቃው ኖርዌይ ከደረሰ በኋላ ነው ይላል። ቀን ላይ ሲሰሙት ያስቃል። አሁን ግን የሚስቅ የለም። ከወለሉ ሥር፣ ከኬኖ አልጋ ትክክል፣ አቶ ኦልትማንስ ተኝተዋል።

አቶ ኦልትማንስ እየሞቱ ነው። አርባ ዓመት መርከብ እየመሩ ወደብ ሲያስገቡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ካንሰሩ አጥንታቸው ውስጥ ከገባ ወዲህ ግን በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ የሚተኙት ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ፣ ከአስር እስከ ንጋት አስራ ሁለት ሕመሙ ፋታ ይሰጣቸዋል። ቤቱ የእሳቸውና የሚስታቸው ነው። ታች እነሱ፣ ላይ ተከራዮቹ፤ ሃይኮ፣ ሚስቱ ኢምኬና ኬኖ። ኬኖ ድሮ የሚነሳው ልክ በአስራ ሁለት ስለነበር ሽማግሌውና ሕፃኑ ሳይተዋወቁ ፈረቃ ገብተው ይኖሩ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ኬኖ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መቅደም ጀመረ። ለእሑድ አጥቢያ ሌሊት፣ በየዓመቱ በጥቅምት እንደሚሆነው፣ በመንግሥት ትእዛዝ የአገሩ ሰዓት ሁሉ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ኬኖም በአስር ተነሳ። ዛሬ ሰኞ ነው፤ ደገመው።

ኢምኬ ዳቦ ቤት ስለምትሠራ በዘጠኝ ሰዓት ወጥታለች። ሃይኮ ልጁን ጃኬት አለበሰው፣ ጋሪውን በአንድ እጁ አንጠለጠለና ደረጃውን በጣቶቹ ጫፍ መውረድ ጀመረ። ታች ሲደርስ በሩ ተከፈተ። ወይዘሮ ኦልትማንስ በሌሊት ልብሳቸው ቆመዋል።

«እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ኦልትማንስ።»

«አላደርንም። ባለቤቴ አሁን ገና ዓይናቸውን ከድነው ነበር።»

«ጥፋቱ የመንግሥት ነው። ሰዓቱን ሲነካኩት…»

«ትናንትም መንግሥት ነበር ያልከኝ። መንግሥት ከራሴ በላይ ብረት አይደበድብም።»

«ነገ እንደ ዓሣ ጸጥ ይላል። ቃሌ ነው።»

«ትናንትም ዓሣ ብለኸኛል፣ ሃይኮ።» አልተቆጡም፤ ለመቆጣትም አቅም ያነሳቸው ይመስላሉ። «ደብዳቤው ተጽፏል። ልጄ ናት የጻፈችልኝ። ቤቱን እንድትለቁ ሦስት ወር ይሰጣችኋል። መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ ማውጣት አልፈልግም። ዛሬ ማታ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሬ ወደ እናንተ እመጣለሁ።»

«ትራክተር!» አላቸው ኬኖ እጁን ዘርግቶ።

ወይዘሮ ኦልትማንስ ትንሿን እጅ ጨበጧትና በሩን ዘጉ።

ሃይኮ ጋሪውን በቦዩ ዳር እየገፋ እስኪነጋ ዞረ። ይህን ቤት ለማግኘት አንድ ዓመት ከአራት ወር ፈጅቶባቸዋል። የኬኖ መዋያ ከመንገዱ ጫፍ ነው፤ የኢምኬ ዳቦ ቤት በእግር አምስት ደቂቃ። ከዚህ ቤት ከወጡ የሚቀራቸው ከከተማው ውጭ፣ አውቶቡስ በቀን ሁለት ጊዜ በሚያልፍበት መንደር፣ የሃይኮ እናት ጋር ያለችው አንዲት ክፍል ናት። ኢምኬ መኪና አትነዳም፤ በሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ደግሞ ከዚያ የሚነሳ አውቶቡስ የለም።

ሃይኮ የሚሠራበት ጎማ ቤት በዚህ ሳምንት መፈናፈኛ የለውም። አገሩ በሙሉ ለበረዶ የሚሆን የክረምት ጎማ ሊያስገጥም በአንድ ጊዜ ይመጣል። ጋሬልት፣ አራት ልጆች ያሳደገው አንጋፋው ሠራተኛ፣ የሃይኮን ዓይን አይቶ፣ «አንተን ደግሞ ማን ነፋስህን አስወጣው?» አለው።

ሃይኮ ነገረው። መርከቧን ሳይጨምር ነገረው፤ ጋሬልት ነገሩ የምር መሆኑን በዚህ አወቀ።

«ኢምኬ በስድስት ቀን፣ በቀን አሥር አሥር ደቂቃ አስለምደው ብላኝ ነበር። እኔ ነኝ የማስተኛው፣ ለእኔ ተይው አልኳት። አንዷን ቀን አላዛነፍኩም!»

«ስንት ሰዓት ነበር የሚተኛው?»

«ከምሽቱ አንድ ሰዓት። በየቀኑ አሥር ደቂቃ እየቀነስኩ ቅዳሜ በአስራ ሁለት አስተኛሁት።»

ጋሬልት የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ። «እየቀነስክ?»

«ሰዓቱ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው። ልጁንም ወደ ኋላ ወሰድኩት። እንዲገናኙ።»

«አንተ የጎማ ራስ! ሰዓቱ ወደ ኋላ ሲመለስ ልጁ ሳትነካው በራሱ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይነሳል። ይህን ለማካካስ እያስመሸህ ነበር ማስተኛት። አንተ በላዩ ሌላ አንድ ሰዓት ጨመርክበት! እጅህን አጣጥፈህ ብትቀመጥ እኮ በአስራ አንድ ነበር የሚነሳው።»

ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ። ጎማ ሊያስቀይር የመጣ አንድ ቄስ እንኳ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሃይኮም አብሮ ሳቀ፣ ልማዱ ነውና፤ ከዚያ እጁ ላይ ያለችው ብሎን አምልጣው ወደቀችና ሊያነሳት ጎንበስ ብሎ እዚያው ቆየ።

«ለመመለስ ስንት ቀን ይፈጃል?» አለ ከወለሉ።

«በቀን አሥር ደቂቃ ከሆነ፣ አስራ ሁለት ቀን።»

«እስከ ነገ የሚሆን ነገር የለም?»

«እስከ ነገ?» ጋሬልት ሳቁን አቆመ። «ለነገ ምንም የለም፣ ወንድሜ።»

ሃይኮ ግን ያልሞከረው አልነበረም። ያን ቀን ማምሻውን ኬኖን አስጨፈረው፣ በቀዝቃዛ ውሃ ፊቱን አበሰው፣ ራሱ ትራክተር ሆኖ ምንጣፍ ላይ ተሳበ። ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን ኬኖ የተፈጨ ድንች በአፉ እንደያዘ፣ ጉንጩን ሳህኑ ላይ ጥሎ አንቀላፋ። ጠሩት፣ ኮረኮሩት፣ አቆሙት። በቆመበት ተኛ።

ኢምኬ አፉን ጠርጋ አልጋው ላይ አጋደመችው። ሃይኮ ያኔ ነገራት። እስኪጨርስ ሰማችው።

«ማቀዝቀዣው ላይ ጽፌ ለጥፌልህ ነበር» አለች። «በትልልቅ ፊደል። ከቀስት ጋር።»

«አላነበብኩትም። የገባኝ መስሎኝ ነው።»

«ሁልጊዜ የሚገባህ ይመስልሃል።»

ደረጃው ሲንቋቋ ሰሙ። ወይዘሮ ኦልትማንስ ገብተው ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀመጡ። ኢምኬ ሻይ ቀዳችላቸው፤ ስኒውን በሁለት እጃቸው ከማቀፍ በቀር አልጠጡም።

«ሐኪሙ ምን አለ?» አለች ኢምኬ።

«እስከ ሐሙስ ይቆያሉ ይላል። ቢበዛ ዓርብ።» ስኒውን አስቀመጡት። «እሳቸው ደግሞ ዛሬ ምን አሉኝ መሰላችሁ? ሌላው ይቅር፣ እነዚያን ሁለት ሰዓቶች ብቻ አታሳጡኝ።» ወደ ሃይኮ ዞሩ። «ነገ ጸጥ ይላል?»

ሃይኮ መልስ አላጣም። ዓሣው ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር፤ ከዓሣው ኋላ ሌሎች ሦስት ውሸቶች ተሰልፈዋል፤ አንዱ ስለ ጨረቃ፣ አንዱ ከቡልጋሪያ ስለሚመጣ የእንቅልፍ ሽሮፕ።

«አይልም» አለ። «በአስር ሰዓት ይነሳል። ነገም፣ ከነገ ወዲያም። መንግሥት አይደለም፤ እኔ ነኝ። ወደ ተሳሳተው በኩል ወሰድኩት።»

 ወይዘሮ ኦልትማንስ ከሹራባቸው ኪስ የደብዳቤውን ፖስታ አወጡና ከቅቤው አጠገብ አስቀመጡት።

«እውነቱን ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ» አሉ። ፖስታውን ግን መልሰው አልወሰዱትም። ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሡ፤ ኢምኬ እስከ ታች ድረስ ክንዳቸውን ይዛ ሸኘቻቸው።

ተመልሳ ስትመጣ ሃይኮ የኬኖን የበረዶ ቱታ፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ ጡጦውንና የመኪና ቁልፉን በሩ ሥር እየደረደረ አገኘችው።

«ምን ልትሆን ነው?»

«በዘጠኝ ሰዓት፣ አንቺ ስትወጪ፣ እንደተኛ ተሸክሜው መኪና ውስጥ አስገባዋለሁ። ጎማ ቤቱ ግቢ ወስጄ አቆማለሁ። እዚያ እንደፈለገ ይጩህ።»

«ነገ?»

«እስከ ዓርብ።»

«ታዲያ አሁኑኑ ውረድና ንገራቸው! ምናልባት ደብዳቤውን…»

«ስንት ጊዜ ነው ቃል የምሰጣቸው? እኔ ቃሌን ጨርሻለሁ፣ ኢምኬ። ብነግራቸውም አያምኑኝም፤ እየጠበቁኝ እሳቸውም ሳይተኙ ያድራሉ።»

«ሃይኮ፣ ሦስት ወሩ መቆጠር ጀምሯል። በዚህ ብርድ ከልጅ ጋር መኪና ውስጥ ተቀምጠህ ምን ልታተርፍ ነው?»

«ምንም» አለ ሃይኮ።

ኢምኬ ከመደርደሪያው ሦስተኛ ብርድ ልብስ አወረደችና ክምሩ ላይ ጣለችው። ሃይኮ ስልኩን ድምፅ እንዳያሰማ፣ እንዲንቀጠቀጥ ብቻ አድርጎ ለዘጠኝ ሰዓት ሞላው። ቁጥሩን አየ። ራሱን ስላላመነ ለኢምኬም አሳያት፤ እሷም አይታ «ልክ ነው» አለችው። ከዚያ ስልኩን ከሸሚዙ ሥር፣ ደረቱ ላይ አስገብቶ፣ ልብሱን እንደለበሰ ከኬኖ አልጋ አጠገብ ወለሉ ላይ ጋደም አለ።